የንፋስ ጠመንጃና የዘነበች ዶሮዎች

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ። ጠዋት 2 ሰዓት

የንፋስ ጠመንጃዬን በእጅ ፓምፕ እየነፋሁ ነው። ሁለት እግሬን ፓምፑ ላይ ተክዬ፣ በደረቴ ክብደት ወደ ታች። ላብ በላብ። የጌጁ፣ የአየር መለኪያው መርፌ ትወጣለች፣ ትቆማለች፣ እፎይ ስል ተመልሳ ትወርዳለች። የሆነ ቦታ ይተነፍሳል። ስስስ ይላል እንደ እባብ። ሰደብኩት።

አንተ ደብተር፣ ለምን እንደምነፋ ልንገርህ። ትናንት ቀዮን በላት። የዘነበችን ቀይ ዶሮ። አጥሩ ሥር ጭንቅላቷና አንድ እግሯ ብቻ ቀረ። ላባዋ እስከ ጋራዡ በር ተበትኗል። የበላትን እዚህ አገር ኮዮት ይሉታል፤ እኔ ተኩላ ነው የምለው። ፌርፋክስን ያህል ሰፊ ጎዳና፣ መኪናው ሁሉ እየቆመለት፣ ተሻግሮ ይመጣል። ጌታ ነው።

ባለቤቴ ዘነበች ከጫጩት ነው ያሳደገቻቸው። አምና ግንቦት፣ ከመሞቷ በፊት እጄን ይዛ፣ እንዳታርዳቸው፣ እንዳታስበላቸው አለችኝ። ማልኩላት። አሁን ነጯና ገብስማዋ ቀሩ። ተኩላውን እገድለዋለሁ። ሆዱን ዘርግፌ አጥር ላይ እሰቅለዋለሁ። ጻፍኩት። አበቃ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ። ከሰዓት

በርባንክ፣ ጠመንጃውን የገዛሁበት ሱቅ። ተፈራ ነዳ። ጡረታ የወጣ ታክሲ ነጂ፣ ጓደኛዬ፣ መንገዱን ሙሉ አፉ አያርፍም። ሱቁ ውስጥ ዳዊት የሚባል የኛ ልጅ ይሸጣል። ጥይት አሳየኝ። ጥይት ካልከው፤ የእርሳስ ፍሬ ነው፣ ሽንብራ የምታህል፣ ወገቧ ቀጭን። አንዱ አፍንጫው ክብ፣ አንዱ ሹል። እኔ ሹሉን ያዝኩ። ክቡን ውሰድ ይላል። ሹሉ ሩቅ ላይ ስትሬት፣ ቀጥ ብሎ፣ አይሄድም፣ ቢሊቭ ሚ ጋሼ ደምሴ፣ ክቡ ግን የላክህበት ነው የሚሄድ። አባትህንም አንተ ነው የምትለው? አልኩት። ሶሪ ጋሼ አለ። ወዲያው ደግሞ፣ «ኦኬ፣ አንተ እንዳልክ።» ተፈራ በሳቅ ሊሞት።

ሹሉን ገዛሁ። ጦር ክብ አፍንጫ አለው?

ስለ መንፋቱም መከረኝ። ወይ በኤሌክትሪክ የሚነፋ ኮምፕሬሰር ግዛ፣ ወይ ትልቅ የአየር ቦምቦላ ያዝና እኛ እንሙላልህ፤ የእጅ ፓምፕ ለዕድሜህ አይሆንም አለ። ክንዴን ንካ አልኩት። አልነካም። የሚተነፍሰውን ፓምፕ አምጣልኝ፣ የጎማ ቀለበቱን ልየው አለ። ለምን? እኔ እጅ የለኝም?

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ፓምፑን ፈታሁት። የጎማ ቀለበቷ ደርቃለች። የደረቀ ነገር መድኃኒቱ ቅቤ ነው። አባቴ የጠመንጃውን ማንገቻ በቅቤ ነበር የሚያሸው፤ ሰባት ክረምት አልተሰነጠቀም። ዘነበች ያነጠረችው ፍሪጅ ውስጥ ተርፏል። ለቀለቅሁት፤ ፓምፑንም፣ የጠመንጃውን መሙያም። ዐቢይ ጾም ነው፤ እኔ አልቀመስኩም፣ ብረት ነው የበላው።

ስስስ ማለቱ ቆመ! መርፌዋ ቀጥ። ዳዊት ይምጣና ይማር።

ከዚያ የቲማቲም ቆርቆሮ አጥሩ ሥር አስቀምጬ ተኮስኩ። አንዱ ግራ። አንዱ የሎሚው ዛፍ ግንድ ላይ። አንዱ የት እንደገባ ማርያም ትወቅ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ ሹሉ ነው የሚሰክረው። ተናደድኩ። ቆርቆሮውን በርግጫ አልኩት። ለተፈራ ደወልኩ፣ ክቡን ግዛልኝ፣ ለኔ ነው እንዳትል አልኩት። «ሹሉ ታዲያ ለጥርስ መጎርጎሪያ ነው?» ብሎ ዘጋብኝ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ። የዓመቱ አቦ። ጠዋት 1 ሰዓት

መጣ። አሁን፣ አሁን ነው የሄደው።

በጓሮ በር ደረጃ ላይ ነበርኩ፣ ጠመንጃው ጭኔ ላይ፣ ሹሉም ቢሆን ጎርሷል። አጥሩን እንደ ድመት ዘለለው። ቀጭን፣ ግራጫ፣ ሆዱ የተጣበቀ። ከዚህ እስከ ሎሚው ዛፍ። አነጣጠርኩ። ጆሮው ሥር ያዝኩት። ምላጩን ልስብ ስል ትዝ አለኝ። አቦ። አንበሳና ነብር የሚከተሉት ጻድቅ። በአቦ ቀን፣ ያውም በዓመቱ፣ አውሬ ልግደል? እጄ ደረቀ። ድንጋይ እንኳ አላነሳሁም። አየኝ። ዘወር ብሎ የነጯን አንገት ያዘ፣ ሁለቴ አራገፋት፣ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ክንፏ እየተወራጨ ይዟት ወጣ። ደሙ ሎሚው ላይ ተረጨ።

አቦ ሆይ፣ ስለ እርስዎ ነው።

ከሰዓት ተፈራ መጣ። ነገርኩት። ይሄ ተኩላ ባሕረ ሐሳብ ተምሯል አለ፤ በዓል እየቆጠረ ነው የሚመጣ፣ ቤ/ክ ይቀጠር። አፉን ልመታው ቃጣኝ።

ገብስማዋ ብቻ ቀረች። ቀኑን ሙሉ ከቆጧ አልወረደችም።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ክቡን ጥይት ዳዊት ራሱ ይዞ መጣ። ተፈራ ወሬኛ ነው፣ ለማን እንደሆነ ነግሮታል። ልጁ አልሳቀብኝም። ቆርቆሮውን እኔው አቆምኩ፣ ተኮስኩ፣ አንዱ ባንዱ ላይ። አንድ ቀዳዳ። 

ከዚያ ፓምፑን አነሳ። አሸተተው። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይላል!» ቅቤውን ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። ቅባትና የታመቀ አየር ሲገናኝ ይነዳል፣ እንደ ቦምብ ነው፣ ጣትህን ይወስድ ነበር፤ የሚቀባው ሲሊኮን ብቻ ነው አለ። የጠመንጃውም ቀለበት ቅቤ ጠጥቶ አብጧል፣ ቀስ እያለ ይተነፍሳል፣ ወስጄ ልጠበው አለ። እምቢ። እስኪመልሰው ተኩላው ቢመጣስ? ፓምፑን በግድ ወሰደ። ጠመንጃውን አልሰጠሁም። ጌጁን አትመን ብሎኝ ሄደ።

የውስጤን ልንገርህ፣ ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ግን ዕቃዬን ከእጄ የሚወስድ ሰው አልወድም።

መጋቢት 8፣ ሰኞ። ማታ፣ በግራ እጅ

ፊደሉ ቢጣመም አትፍረድብኝ።

ጎህ ሲቀድ የገብስማዋን ቤት ሽቦ ሲቧጭር ሰማሁ። ወጣሁ። ጎኑን ሰጥቶኛል። ተኮስኩ። ድምፁ ፈዛዛ፣ የደከመ ሰው እንትፍ ያለ ያህል። አየሩ ሌሊቱን ወጥቷል። ሳንባውን አልኩ፣ ሆዱን መታሁ። ጮኸ። ደብተር፣ የሰው ልጅ ጩኸት ነው። እየተንከባለለ ከቤቱ ወለል ሥር ባለው ቀዳዳ ገባ። እዚያም ይጮሃል።

አቁስሎ መተው ነውር ነው። የበግ ማረጃውን ቢላዋ ያዝኩ፣ ጠመንጃውን እየጎተትኩ በደረቴ ገባሁ። ጨለማ፣ አፈር፣ የሽንት ሽታ። ዓይኑ ሲያበራ ቀኝ እጄን አቀረብኩለት፤ ያዘው። ጥርሱ አጥንቴ ላይ ሲፋጭ ተሰማኝ። በግራዬ አንገቱን ወጋሁ። አልለቀቀም። ደገምኩ። ደገምኩ። ደሙ ትኩስ ነው፣ አፌ ገባ። ጾሜ ፈረሰ። አልተፋሁትም፣ ጊዜ አልነበረኝም። መንጋጋው ላላ።

በጅራቱ ጎትቼ ወጣሁ። ፖሊሶች ግቢው ውስጥ። ጩኸቱን የሰማ ሰው ጠርቷል። ሽጉጣቸው እኔ ላይ። ናይፍ፣ ናይፍ ይላሉ፤ ቢላዋውን ጣል ማለታቸው ነው። ሰምቻለሁ። ጣቴ ግን በቢላዋው ላይ ተኮማትሮ አልዘረጋ አለኝ። ልባቸው ሲጨክን ዓይናቸው ላይ አየሁት። ጎረቤቴ ሮሳ፣ ሜክሲኳዊቷ፣ ከነፒጃማዋ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ጮኸችባቸው፦ «ኦልድ ማን! ኮዮት! ኮዮት!» ቢላዋው ወደቀ። በፊቴ ሣሩ ላይ አስተኙኝ። እኔን፣ ደምሴን።

ሆስፒታል። ስፌት። የውሻ በሽታ መርፌ። በምን እንደገደልኩት ጠየቁኝ፣ በቢላዋ አልኩ። ውሸት አይደለም። ከተማ ውስጥ መተኮስ ያስቀጣል፤ ጠመንጃው ደግሞ ወለሉ ሥር ቀርቷል።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ሰናይት ከጋርዴና መጣች። ልጄ ናት፣ አንድዬ። በር ላይ ቆማ ጮኸችብኝ። «አባዬ፣ በዶሮ ሊገድሉህ ነበር! እማዬን ቀብሬ ዓመት ሳይሞላኝ አንተን ልቅበር?» ዶሮዋን ልውሰዳት፣ እኔ ጋ ጣሪያው በሽቦ የተዘጋ ቤት አለ አለች። አይሆንም አልኩ፣ አደራው የኔ ነው። ጠመንጃውንም ጣል አለች። የቱን ጠመንጃ? አልኳት። አለቀሰች። ምስር ወጥ ሠርታ ሳትበላ ሄደች።

ሬሳውን የከተማው ሰዎች በላስቲክ ጠቅልለው ወስደውታል። አጥር ላይ ልሰቅለው ነበር። ይሄ አቃጠለኝ።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ። 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ስትገባ

ሌላ አለ።

ይበልጣል። ወንዱ ነው፣ ባልየው። የገደልኩት ለካ ሴቷን ነው። አጥሩን ዘሎ ገባ፣ ደም ያለበትን ሣር አሸተተ፣ ቀዳዳው አፍ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ። ገብስማዋ ስትንጫጫ ዞሮ እንኳ አላያትም። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔም እሱን። የታሸገ እጄ ይመታል፣ ቱግ ቱግ። ቀስ ብሎ ወጣ።

ልቤ ዘለለ። ፍርሃት መሰለኝ። አይደለም። ደስታ ነው። ዘነበች ከሞተች ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስለ ገብስማዋ አላሰብኩም። ጭራሽ አላሰብኩም።

መጋቢት 12፣ ዓርብ፣ ሚካኤል። ከሰዓት 9 ሰዓት

ወሰንኩ።

ጠዋት ለሰናይት ደወልኩ። ነይ ዶሮዋን ውሰጃት አልኳት። አባዬ ልብ ገዛህ ብላ አለቀሰች። እንደዚያው ትመን። ዘነበችም ትረፍ፤ ዶሮዋ አልታረደች፣ አልተበላች፣ ልጇ ጋ ትሄዳለች።

ጠመንጃውን ከወለሉ ሥር አወጣሁት። ጠረግሁት። ዳዊት ፓምፑን አጥቦ ተፈራ ቤት አስቀምጧል፤ ቀለበትና ሲሊኮንም ልኮልኛል፣ የጠመንጃውን እኔው ለውጫለሁ። ነገ ማለዳ ተፈራ ፓምፑን ያመጣዋል። በግራ እጄና በደረቴ እነፋለሁ። ክቡ ጥይት ቆርቆሮ ሙሉ አለ። ዶሮዋ ስትሄድ የቤቷን በር ገርበብ አድርጌ በቆሎ እበትናለሁ። ዶሮ ያለ እንዲመስል ነው እንጂ ባልየው ተኩላ ለበቆሎ አይመጣም። ለኔ ነው የሚመጣው። ነገ የእግዚአብሔር አብ ቀን ነው፣ አውቃለሁ። ዓርብም ቢሆን፣ ሰንበትም ቢሆን እተኩሳለሁ።

የሰናይት መኪና መጣ። ፓርክ እያደረገች ነው። ጠመንጃው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እንዳታየው ከአልጋው ሥር ልክተተው።