ሕልሜን ጨው አድርገው ለሸለሙኝ ክቡር ዳይሬክተር

ለክቡር ኡስታዝ ሸረፍ አልበንሃዊ፣
የ«ባሕር ሙሽራ» የኢንተርኔት የካናቴራ ሥዕል ውድድር ዋና ዳይሬክተር፣
እስክንድርያ።

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ጤናዎ፣ በተለይም የደም ግፊትዎ እንዴት ነው? የደም ግፊቱን ለይቼ መጠየቄ ያለ ነገር አይደለም፤ እርስዎ በዚህ በጋ የእስክንድርያን ወጣት ሁሉ ጨው አልብሰው የሚያዞሩ ሰው ስለሆኑ፣ ከጨው ጋር እንዲህ የተወዳጀ ሰው ሐኪሙን ቶሎ ቶሎ ቢያይ ይበጀዋል ከሚል ቅን አሳብ የመነጨ ነው። እኔን የጠየቁ እንደሆነ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ የጎደለኝ ሥራ ብቻ ነው።

ከተሸላሚዎችዎ ብዛት የተነሳ ዘንግተውኝ ከሆነ፣ ኢንሺራሕ ቀንዲል እባላለሁ፤ የባሕሪ ሰፈር የጀልባ ስም ጸሐፊ ነኝ። አንፉሺ የባሕር ዳርቻ የሚሠሩት የዓሣ ጀልባዎች ወደ ውኃ ከመውረዳቸው በፊት ስማቸውን በግንባራቸው ላይ የምጽፍላቸው እኔ ነኝ፤ ሥራው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ካናቴራ ላይ ፊደል እሥላለሁ። እርስዎ «የከተማችሁን ምኞት በአንድ ቃል ሥላችሁ ላኩልን» ብለው በኢንተርኔት ሲጠሩን፣ እኔም የዋህ ሆኜ «ሕልም» የሚለውን ቃል በቀዛፊ ጀልባ አምሳል ሠራሁት። ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን ከዚህ በታች በትሕትና እዘረዝራለሁ። ቅሬታዎቼን ከአምስት ወደ አንድ መቁጠሬ እንዳይገርምዎ፤ ድረ ገጽዎ ያገኘውን ሁሉ የመገልበጥ ጠባይ ስላለው፣ እርስዎ ዘንድ ሲደርስ ቀጥ እንዲልልዎ ብዬ ነው።

አምስተኛ። ድረ ገጽዎ ሥዕሉን እንደተሣለ አልቀበልም ብሎ፣ ለኅትመት እንዲመቸው እያንዳንዱን ፊደል ለብቻ፣ በየተራው እንዳስገባለት አዘዘኝ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ካላወቁም በዚህ አጋጣሚ እንዲያውቁት፣ የእኛ የዐረብ ፊደላት ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄዱ፣ ሲሄዱም እንደ ትምህርት ቤት ልጆች እጅ ለእጅ የሚያያዙ ናቸው። ቢሆንም የታዘዝሁትን የምፈጽም የጨዋ ልጅ ነኝና፣ መጀመሪያ «ሕ»ን፣ ቀጥዬ «ል»ን፣ በመጨረሻም «ም»ን አስገባሁ። ድረ ገጽዎ ከየትኛው ባሕር ማዶ ተገዝቶ እንደመጣ እንጃ፣ የመጀመሪያውን ፊደል ግራ ዳር፣ የመጨረሻውን ቀኝ ዳር ሰቀላቸው። ሰው ደግሞ የሚያነበው ከቀኝ ነው፤ ስለዚህ ም፣ ል፣ ሕ ሆኖ «ምልሕ» ተባለ። «ምልሕ» በአገራችን ጡት ያልተወ ሕፃን እንኳ እንደሚያውቀው ጨው ነው። ሕልም ልኬ ጨው ተመለሰልኝ። ወዲያው ስሕተት መሆኑን ጠቅሼ ሥራዬን ላውጣ ብዬ ብለምን፣ «ውድ ተወዳዳሪ፣ አንዴ የገባ ሥራ አይወጣም፤ መልካም ዕድል!» የሚል መልስ መጣልኝ። ለመልካም ምኞቱ አመሰግናለሁ።

አራተኛ። ዳኞችዎ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል እሰማ ነበር፤ በዚህ ዓመት ግን ኩበቱ ተለቅሞ፣ ተከምሮ፣ ሲሸለም በዓይኔ አየሁ። «ለመያያዝ እምቢ ያሉት ሦስቱ ፊደላት የዘመናችንን ብቸኝነት ይጮኻሉ፤ ጨው የባሕርም፣ የላብም፣ የዕንባም ጣዕም ነውና ሠዓሊዋ የከተማችንን ነፍስ አቅምሳናለች» ብለው ጻፉ። አንደኛው ዳኛ ይህን ሲያነቡ ማልቀሳቸውን ነገሩኝ፤ ዕንባቸው ጨዋማ እንደነበረ አልጠራጠርም። ሕዝቡ በበኩሉ እየሳቀ ድምፁን ሰጠ፤ የእስክንድርያ ሰው ደግሞ ከሳቀ አይመለስም። እኔ ደውዬ፣ ኡስታዝ፣ ይህ ነገር ስሕተት ነው፣ ቃሉ ሕልም ነበር ብልዎ፣ ክቡርነትዎ በአባታዊ ድምፅ «አንቺ ልጅ ደግሞ፣ አርቲስት የሠራውን መች ያውቃል? የምናውቅለት እኛ ነን!» ብለው አጽናኑኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምን እንደሠራሁ ሰው ሲጠይቀኝ ወደ ቢሮዎ እየላክሁ ነው።

ሦስተኛ። የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት። በደንባችሁ መሠረት አሸናፊውና ዳይሬክተሩ ያሸነፈውን ካናቴራ ለብሰው ኮርኒሽ በተባለው የባሕር ዳር ጎዳና ላይ፣ ባሕሩን ከኋላ አድርገው ፎቶ ይነሳሉ። እርስዎም ከሸሚዝና ከከረባት በላይ አጠለቁት፤ ሦስቱ ፊደላት በሆድዎ ላይ ተዘርግተው፣ ያ ምስኪን «ም» ብብትዎ ሥር ገብቶ እስኪደበቅ ድረስ። ድምፅ ማጉያው እጄ ሲገባ ይህችን አንዲት ደቂቃ አላባክንም ብዬ፣ ባለኝ ጉሮሮ ሁሉ «ሕልም ነው! ወገኖቼ፣ ሕልም ነው!» ብዬ ጮኽሁ። እርስዎ ግን ትከሻዬን አቅፈው «አይፈረድባትም፣ ደስታው ሕልም መስሏት ነው!» ብለው ሕዝቡን አስጨበጨቡልኝ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ እውነትን ተናግሬ እንዲህ ያለ ጭብጨባ አግኝቼ አላውቅም።

ሁለተኛ። ያሸነፈው ቃል ከእንግዲህ የውድድሩ ንብረት ነው፤ ያለ ጽሑፍ ፈቃድም ማንም አይጠቀምበትም የሚለውን ደንብ በታላቅ አክብሮት አንብቤአለሁ። እንግዲያውስ እኛ ሠፈር ፉል የሚሸጠው ዐም ሲድቂ በየማለዳው ንብረትዎን ያለ ፈቃድ በየሳህኑ ላይ ሲበትን የሚውል መሆኑን እጠቁማለሁ። ስለ ሜዲትራንያን ባሕር ደግሞ ምን ልበል? እሱ ከጀመረ ቆይቷል። በእኔ በኩል ጎረቤቶቼ በየሰገነቱ ሆነው፣ ለአትክልት ሻጭ የሚያወርዱትን ቅርጫት በገመድ አናቴ ላይ እያወረዱ «ኢንሺራሕ፣ የኔ ጨው፣ እግረ መንገድሽን አንድ ጭብጥ ጣል አርጊበት!» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ የደም ግፊት አለባት፤ ሐኪሙ ጨው ዓይንሽ እንዳያየው ስላላት፣ ካናቴራውን ይዤ ብመጣ ደጃፉ ላይ ቆማ ከለከለችኝ። እማዬ፣ ጨርቅ እኮ ነው ብላት፣ «ጨርቅም ይሁን ወርቅ፣ ያው የተጻፈበት ጨው ነው፤ በዚህ በር አይገባም!» አለች። እስካሁን ሽልማቴ ያለው ከሰገነቱ ውጪ፣ የልብስ ገመድ ላይ ነው።

አንደኛ። እስካሁን ያልሁት ያስቃል፤ እኔም ስቄበታለሁ። ይህ ግን አያስቅም።

የእኛ ዓሣ አጥማጆች ስም የሌለውን ጀልባ ባሕር ላይ አያወርዱም። ጀልባ በስሙ ተጠርቶ ይሄዳል፣ በስሙ ተጠርቶ ይመለሳል ብለው ያምናሉ፤ ማመናቸው ያስቀዎት ይሆናል፣ ሌሊቱን ባሕር ላይ የሚያድሩት ግን የእነሱ ልጆች ናቸው። ረይስ ሻዝሊ የሚባሉ የጀልባ አለቃ፣ አባቴም የጻፉላቸው፣ እኔም የጻፍሁላቸው አንጋፋ አጥማጅ፣ አዲሱን ጀልባቸውን «በደህና ተመላሽ» ብዬ እንድጽፍላቸው አዘውኝ ነበር። ከዚያ የእርስዎንና የእኔን ፎቶ ጋዜጣ ላይ አዩ። ቤታችን ድረስ መጥተው፣ ዓይኔን ማየት እያፈሩ፣ «ልጄ፣ አትቀየሚኝ። ሕልም ብለሽ ጨው ከወጣልሽ፣ የኔን 'በደህና ተመላሽ' ስትዪው 'ሄዶ ቀሪ' ቢሆንብኝ፣ ልጆቼን ከባሕር ማን ያመጣልኛል?» አሉኝ። እሳቸው ሲተዉኝ ሌሎቹም ተዉኝ። ብሩሾቼ ደረቁ። አፈርሁ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተቆጣሁ፤ ምክንያቱም እኔ ፊደል አሳስቼ አላውቅም፤ ያለኝም ሀብት እሱ ብቻ ነበር።

ያኔ ከክቡርነትዎ የለመንሁት ሽልማት አልነበረም፤ «ፊደሉን የገለበጠው ድረ ገጻችን ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ቢሮዎም «ተቋሙ በሥነ ጥበብ ትርጓሜ ጣልቃ አይገባም» ሲል በማኅተም መለሰልኝ። እኛ ዘንድ አብረው ዳቦና ጨው የበሉ ሰዎች አይካካዱም ይባላል፤ የእኛን ማዕድ ልዩ የሚያደርገው ዳቦውን እርስዎ፣ ጨዉን እኔ መብላታችን ነው። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ነውና ተረቱ፣ እኔም ለራሴ ስል መጣፈጥ እንዳለብኝ የገባኝ ያን ማኅተም ሳይ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ፤ ምስጋናው ከልብ ነው።

ባለፈው ሳምንት ስልኬን ይዤ ጀልባ ወደሚሠራበት ወረድሁና ረይስ ሻዝሊን አጠገቤ አስቀመጥሁ። ድረ ገጽዎን ከፍቼ፣ «እርስዎ የፈለጉትን ቃል ይስጡኝ፣ እንደታዘዝሁት በየተራው ላስገባና የሚወጣውን አብረን እንይ» አልኋቸው። ረይስ ጢማቸውን እየጎተቱ ትንሽ አሰቡና «ሰውየው ራሱ ስሙ ማነው?» አሉ። ሸረፍ ይባላል አልሁ። «ሸረፍ! ክብር ማለት አይደል? እስቲ ክብርን አስገቢውና እንየው!» አሉኝ። «ሸ»ን አስገባሁ፣ «ረ»ን አስገባሁ፣ «ፍ»ን አስገባሁ። ከዚያ ሁለታችንም ከቀኝ ጀምረን አነበብን። ፈርሽ። ፍራሽ።

ክቡር ሆይ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ከተቀመጡበት የመረብ ክምር ላይ በሳቅ ሲንከባለሉ አይቼ አላውቅም ነበር። አናጢዎቹ መዶሻቸውን ጥለው መጡ፤ ማንበብ የማይችለው ሁሉ አንብቡልኝ እያለ ተጋፋ። ረይስ ዓይናቸውን በጋላቢያ ቀሚሳቸው እጅጌ እየጠረጉ «ወላሂ ፍራሽ! አንቺስ ደህና ነሽ ልጄ፤ ተገልብጦ የተኛው ሰውዬው ነው!» አሉና፣ እጄን ይዘው ወደ ጀልባቸው ግንባር ወሰዱኝ። ስሙንም ለወጡት። «በደህና ተመላሹን ተዪው፤ ያንን የሰረቁብሽን ቃል ጻፊልኝ፤ ግን ፊደሎቹን አያይዢልኝ» አሉኝ። አያያዝሁላቸው። ጀልባው ሐሙስ ዕለት በሴቶች እልልታ ወደ ባሕር ወረደ፤ ግንባሩ ላይ «ሕልም» ይላል፤ ትናንት ጠዋትም ልጆቻቸውንና ዓሣውን ይዞ በደህና ተመለሰ። ስለዚህ የእርስዎ ድረ ገጽ ያጠፋውን ስሜን የእርስዎ ስም መልሶልኛልና፣ ውለታዎን እስክሞት አልረሳም።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ድረ ገጽዎን ግን ያቅናልዎ እያልሁ፣ ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊደላቱ እንደተያያዙ ጽፌ የምፈርመው፣

ሁልጊዜ አክባሪዎ፣
ኢንሺራሕ ቀንዲል፣
የባሕሪ ሰፈር የጀልባ ስም ጸሐፊ፣ በእርስዎም ቸርነት የዓመቱ ጨው።

ማስታወሻ፦ አንድ ነገር ሳልነግርዎ ላልፍ ነበር። ያን ቀን በሳቁ መሐል የማን ጣት እንደነካው አላውቅም፣ ስልኩ ያ «ፍራሽ» የሆነው ቃል ለሚቀጥለው ዙር ውድድር ተልኳል አለኝ። ደንግጬ ላውጣው ብል፣ ድረ ገጽዎ «ውድ ተወዳዳሪ፣ አንዴ የገባ ሥራ አይወጣም፤ መልካም ዕድል!» አለኝ። እኔ የላክሁት «ክብር» ብዬ እንደነበር ይመስክሩልኝ፤ ዳኞችዎ ግን ከአሁኑ «ስለ ዘመናችን ድካም የተጻፈ ደፋር ሥራ» ብለውታል፤ የአንፉሺ አጥማጅ በሙሉም ድምፁን ሰጥቶታል። እናቴ ሳትቀር መርጣለች፤ ፍራሽ የደም ግፊት አያስነሳም ብላ። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ የሚመራው እሱ ነው። እንግዲህ በደንቡ መሠረት አሸናፊዋና ዳይሬክተሩ ኮርኒሽ ላይ ለብሰውት ፎቶ ይነሳሉ፤ የእርስዎን ልክ ካለፈው ስለማውቀው አይስጉ፤ በዚህኛው ላይ አንድም ፊደል ብብትዎ ሥር አይገባም። ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይባላል፤ የእኛ ሕልም ባሕር ላይ ነው፣ ፍራሹን እርስዎ ይልበሱልን።