ግራሩ ሲያስጠነቅቅ እኛ ገና ሰላምታ ላይ ነበርን

ለምወድዎና ለማከብርዎ እትዬ ማዘንጊያ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የሐዋሳ እርጥበት አሁንም ይቀሰቅሰዋል? ጋሽ ይትባረክን ያ ክፉ ሳል ለቀቃቸው? ፍቅረ ማርያምስ አዲሱን ሥራ ለመደው? እኛ የድሬ ግንቦት በቁማችን ቢቀቅለንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ሰላምታዬን እዚህ ላይ መግታቴ ወድጄ አይደለም፤ ሰላምታ ምን እንዳደረገኝ ከዚህ በታች ያነቡታል። በስልክ ያልነገርኩዎ ገና አፌን ስከፍት ስለሚስቁብኝ ነው።

እንደሚያውቁት ዲና ዩኒቨርሲቲውን አቋርጣ ቪዲዮ መሥራት ከጀመረች ወዲህ አባትና ልጅ ተኳርፈን ነበር። ሦስት ወር ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር የተነጋገርነው በባለቤቴ በኩል ነው። «አቦ እማዬ፣ ለአባዬ ሻይ ቀርቧል በይው» ትላለች፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ። እኔም «ስኳር አንሶታል በያት» እላለሁ። ባለቤቴ በመጨረሻ ፖስታ ቤት እንኳ ለሠራተኛው ደመወዝ ይከፍላል አለችን። እርስዎ «ልጅቷን ወደ እኔ ላካት» ያሉኝ ሰሞን ደግሞ ዲና ሻንጣዋን አውጥታ አቧራውን ስትጠርግ አየኋት። 

አንድ ቀን ባለቤቴ ወሬ ይዛ መጣች። ዲና ዕፅዋት እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚነጋገሩ ቪዲዮ ልትሠራ ነው፤ የሚያስረዳላት ሰው ትፈልጋለች አለችኝ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው እቤት ተቀምጬ ሌላ ሊጠራ? በዚያ ሙቀት ኮቴን ለበስኩ።

መጀመሪያ ግቢያችን ውስጥ ፓፓያው ሥር ሞከርን። «የተከበራችሁ ተመልካቾች፣ ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ዋላችሁ? ልጆቻችሁ፣ ጎረቤቶቻችሁ ደህና ናቸው?» አልኩና እስኪመልሱልኝ ጥቂት ጠበቅሁ። ዲና ስልኳን ዝቅ አድርጋ በእናቷ በኩል ላከችብኝ፦ ሰው በሦስት ሰከንድ ካልተያዘ አልፎ ይሄዳል፣ ሰላምታውን ይተወው አለች። የማላውቀው ሕዝብ ፊት ዘው ብዬ ስለ ቅጠል ላውራ? እናታችን እንዲህ አላሳደገችንም። አሥራ አንድ ጊዜ ተቀረጽሁ፣ አሥራ አንድ ጊዜም እንደምን ዋላችሁ አልኩ።

በማግስቱ ግራር ፍለጋ ወደ ሐርላ ወጣን። ግራር፣ እትዬ፣ ፍየል ስትበላው ቅጠሉን ያመርራል፤ በነፋስም ሽታ ይልካል። ሽታው የደረሳቸው ጎረቤቶቹ ፍየሏ ሳትመጣባቸው እነሱም ያመርራሉ። ይህን ከመጽሐፍ አስተምሬዋለሁ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ዲና ኮቴ ላይ ትንሽ ማይክ ሰክታልኝ ራቅ ብላ ቆመች። ፍየል የሚያግድ ዓብዲ የሚባል ጎልማሳ አገኘሁና በኦሮምኛ «አካም ጂርታ» ብዬ ሰላም አልኩት። እጄን እንደያዘ እሱ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ እኔ ስለ ዝናቡ፣ እሱ ስለ ከተማው ኑሮ፣ እኔ ስለ ልጆቹ፣ ከዚያም ስለ ፍየሎቹ። ሰባት ደቂቃ ፈጀን። ጨርሰን ዞር ስንል ፍየሎቹ የሉም። አንዱን ግራር ቀማምሰው ትተውታል፤ ጎረቤቶቹንም አልፈው፣ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበሉ ሽታው ያልደረሰው ግራር ዘንድ ሄደዋል። እንዴት አወቁ ብዬ ብደነቅ ዓብዲ ሳቀብኝ፤ ይህንማ ግልገሎቹም ያውቁታል አለኝ።

ዲና ማብራሪያዬን በሙሉ ቆርጣ ጥላ ሰላምታችንን አወጣችው። «ሁለት ሰዎች ሰላም ተባብለው እስኪጨርሱ ግራሩ ሰፈሩን ሁሉ አስጠነቀቀ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ሁለት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል ይላሉ። አሁን የሰፈራችን የሳቢያን ባጃጅ ነጂዎች ሲያገኙኝ «ጋሼ፣ ፍየሎቹስ ደህና ናቸው?» ይሉኛል። መጀመሪያ ቱግ ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ የድሮ ተማሪዬ ከቪዲዮው ሥር «ቲቸር፣ ዘጠነኛ ክፍል ተኝቼ ያለፍኩት ትምህርት ዛሬ ገባኝ» ብሎ ሲጽፍ ቁጣዬ በረደ።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ገበያ ሄዳ ሳለ ዲና መጣችና ስልኳን ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ። ለካ ሰላምታው ካለቀ በኋላም ያቺ ማይክ ስትሠራ ነበር። ዓብዲ ያቺ ልጅ የማን ናት ሲለኝ የመለስኩለትን በገዛ ድምፄ ሰማሁት። «የእኔ ናት። በዕድሜዬ ሙሉ ያላገኘሁትን ተማሪ በአንድ ስልክ ሰብስባለች። ጥላኝ እንዳትሄድ ፈርቻለሁ፤ አፍ አውጥቼ ለመናገር ግን አልሆነልኝም» ብዬዋለሁ። «ይህን ክፍል ለሰው አላወጣሁትም፣ ለራሴ አስቀምጬዋለሁ» አለችኝ። እኔም፣ አይሳቁብኝ እንጂ፣ እንባዬ መጣ። በሦስት ወር ውስጥ ለልጄ ፊት ለፊት የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል «ማልቀሴን ለእናትሽ እንዳትነግሪ» የሚል ሆነ። እሷም እያለቀሰች ሳቀች።

ጋሽ ይትባረክን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ፤ ማታ ማታ አንገታቸውን ይሸፍኑ። ፍቅረ ማርያምን ጉንጩን ይሳሙልኝ፤ ጎረምሳ ሆኛለሁ ቢልም ግድ የለም። ባለቤቴ ጉልበትዎን ትስማለች፤ ጎረቤታችን ሱሀይራም አብዝታ ሰላም ብላለች። ለዲና ያነጠፉትን አልጋ ግን ያንሱት፣ እትዬ። ልጄን አልሰጥም።

ታናሽ ወንድምዎ ዘርዓብሩክ
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.