ከምሰሶው ላይ የተፋቀው ጥቀርሻ

አርኮሴራ፣ ስፔን
ኅዳር 1974 እ.ኤ.አ.

ለምወድሽ ልጄ ለኦብዱሊያ፣

የጀርመን ብርድ እንዴት አደረገሽ? ለደብዳቤሽ መልስ ሳልጽፍ የቆየሁት በስንፍና አይደለም፤ ከየት እንደምጀምረው ጨንቆኝ ነው።

ቤታችን ፈርሷል። ሚያዝያ ላይ በጣለው ዝናብ፣ ሮማውያን ውኃ ካሻገሩበት ከዚያ ግንብ አናት አንድ ድንጋይ ተንዶ የዶሮዎቹን ቤት ደፈጠጠው። ከማዘጋጃ ቤት አንድ ጎረምሳ መሐንዲስ መጣና «እንደናንተ ቤት የግንቡን ምሰሶዎች ተደግፎ የተሠራ ሁሉ ይነሣል» አለ። እናትሽን ታውቂያት የለ፤ መጥረጊያዋን እንደያዘች ወጥታ፣

«ስማ የኔ ልጅ! ሁለት ሺህ ዓመት የቆመ ግንብ እኔን ካሲልዳን ሲጠብቅ ኖሮ ነው አሁን የሚወድቀው?» አለችው። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ዶዘሩ ግን መምጣቱ አልቀረም።

አሁን ያለነው ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሙቅ ውኃ ሳይቀር አለው። እናትሽ ግን በየማለዳው ወደ ድሮው ቦታ እየሄደች፣ የሌለ ደጃፍ ትጠርግ ጀመር። የምድጃችን ጥቀርሻ ምሰሶው ላይ እንዳለ ነበር፤ መጥበሻዋን የምትሰቅልበት ሚስማርም አልተነካም። አብሮሽ የተማረው ፌርሚን እዚያ ዘበኛ ሆኗል። አንድ ቀን፣

«ሴኞራ ካሲልዳ፣ ይሄ እኮ አሁን ቅርስ ነው» ቢላት፣

«እኔስ ምንድን ነኝ?» አለችው። ከዚያ ወዲህ ወንበር ያወጣላት ነበር።

ባለፈው ወር ግንቡን የሚያድሱት ሠራተኞች ጥቀርሻውን ፍቀው አነሡት፤ ሚስማሩንም ነቀሉት። እናትሽ የነጣውን ድንጋይ አየች፣ ዞር ዞር አለችና፣

«ኤቫሪስቶ፣ መንገድ ስተናል። ቤቴ ውሰደኝ» አለችኝ።

ክንዷን ደግፌ ወደ ፎቁ መለስኳት። ደረጃው ላይ ስንደርስ «የማን ቤት ነው?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጅ አልወጣችም። ሐኪሙም ራሱን ነቀነቀ እንጂ ተስፋ አልሰጠኝም።

ለገና ፋብሪካው ፈቃድ ቢከለክልሽ አትጨነቂ። እኔ ምን እሆናለሁ? ሾርባ መሥራት ለምጃለሁ፤ ፀጉሯንም አበጥርላታለሁ። ትናንት፣ በልጅነትሽ በመጀመሪያ ቁርባንሽ ቀን የተነሣሽውን ፎቶ ይዛ፣ «ይቺ ቆንጅዬ የማን ናት?» አለችኝ።

«የጎረቤት» አልኳት። የኛ ናት ብላት፣ «ታዲያ የት አለች?» ማለቷ አይቀርም።

ምናልባት ከመጣሽ ግን፣ ልጄ፣ ገና ከበሩ ስምሽን ንገሪያት። እስክትጠይቅሽ አትጠብቂ።

እመቤታችን ባለሽበት በጥላዋ ትጋርድሽ።

አባትሽ ኤቫሪስቶ