ወንበሮቹን ላስወጡልን የሰላም ኃላፊ

ለተከበሩ የአካባቢያችን የሰላም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ ከእኛ የተሻለ እንዲሆን፣ እንቅልፍዎም ወንበርዎም እንዲመችዎ ከልብ እየተመኘሁ እጽፍልዎታለሁ። ነገሩ የተበላሸው ለስብሰባ ወደ አዳራሹ ገብተን አንድም ወንበር ያጣን ጊዜ ነው። በደንባችን የተስማማ ይቆማል፣ የተቃወመ ይቀመጣል። እርስዎ መድረኩ ላይ በቀረችው ብቸኛ ወንበር ተደላድለው ተቀምጠው፣ «ሰው ያሻውን እስከመረጠ ድረስ ዓለም ሰላም አታገኝም፤ ምርጫችሁን ለጽሕፈት ቤቱ አስረክቡ» አሉን። አናጺው ታላቅ ወንድሜ፣ «ወንበሮቹን የሠራኋቸው እኔ ነኝ፤ ያለ እነሱም መቀመጥ አያቅተኝም» ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሰው ሳቀ፤ እርስዎም ስቀው «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አሉ። በማግስቱ ለሰላም ሥልጠና ወሰዱት።

ቅሬታዎቼን በአክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ወንድሜን ስለመለሱልን እያመሰገንሁ፣ የመለሱልን ማንን እንደሆነ ቢነግሩን ደስ ይለናል። በመስኮት ስንጨቃጨቅ ያደግን ነን፤ እሱ ይከፈት ሲል እኔ ይዘጋ እላለሁ። አሁን ብከፍተውም ብዘጋውም «እንደ ወደድሽ» ይለኛል። እናታችን ሆን ብላ ሾርባውን ጨው በጨው አድርጋ ብትሰጠው ጨርሶ ጠጣና አመሰገናት። «ኧረ ልጄ፣ አንዴ እንኳ ተቆጣኝ!» ብላ ስታለቅስ ብድግ ብሎ ቆመ።

ሁለተኛ፣ መንገዳችንን ጸጥ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ልጆቹ እንኳ ኳሷ ገባች አልገባችም ብለው መጣላት ትተዋል። ማለዳ ማለዳ የሚሰማው የመኪናችሁ በር ሲዘጋ ብቻ ነው፤ ከየትኛው ቤት ማን እንደጎደለ የሚጠይቅ የለም።

ሦስተኛ፣ ሐሳብዎን አልናቅሁትም። መምረጥ የሚችል ሰው ጠብን ሊመርጥ ይችላል። እኔና ወንድሜ ግን ተኳርፈን ስንታረቅ የኖርነው ሁለታችንም እምቢ ማለት እንችል ስለነበር ነው። እምቢ ማለት ከማይችል ሰው ጋር እንዴት ይታረቃል?

ነገ ለሥልጠናው የእኔ ተራ መሆኑን በትሕትና ስላስታወቁኝ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ወንበር ነጥቀው «ቆማችኋልና ተስማምታችኋል» ማለትዎን ከእንግዲህ አልቀበልም። ወንድሜን ባዶ አድርጎ የመለሰውን ነገር ሰላም ብለው መጥራትዎንም አልቀበልም።

በፈቃዷ ታከብርዎ የነበረችው፣ በፈቃዷም የተወችው፣
የአናጺው እኅት

ማሳሰቢያ፦ በዚያ ስብሰባ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ወንድሜ፣ ሌላው እርስዎ። ወንድሜ ሥልጠናውን ጨርሷል። እርስዎ መቼ ይገባሉ?