የሦስተኛው ሻወር ብሬከር

ሐሙስ፣ ግንቦት 13። ከሰዓት 11፡00

የብሬከር ሣጥኑ በመከራ ተከፈተ። ብሎኖቹ ላይ ስንት ዙር ዘይት ቀለም እንደተቀባ እንጃ። በካቻቢቴ ፈለቀቅኩት። ፀጉሬ፣ ሸሚዜ፣ ሁሉ ነገሬ በቀለሙ ፍርፋሪ ክሬም ሆኗል።

ቦታው 18 ማዞሪያ፣ የሐጂ ከድር ሻወር ቤት። ሦስት ክፍል፣ በየክፍሉ አንድ ቦይለር፣ ለየቦይለሩ አንድ ብሬከር። ፈቃድ ለማሳደስ የኤሌክትሪክ ፍተሻ ወረቀት ተጠይቀዋል። የምለካው እኔ፣ የምፈርመውም እኔ። አለቃዬ ብሩክ ብቻዬን እንድፈርም ሲፈቅድልኝ የመጀመሪያዬ ነው። እና ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ትንሽ ጉራ ብነዛ ታገሺኝ።

ብሬከሮቹ አሮጌ ናቸው። ወፍራም፣ ጥቁር። ጥቁርነታቸው የሚታየው ግን በጎን ብቻ ነው። ግድግዳው በታደሰ ቁጥር ቀቢው እነሱንም አብሮ ቀብቷቸዋል። ፊታቸው ላይ የታተመው አይነበብም።

ሐጂ ከ. ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ሥራዬን ያያሉ፣ ብሬከሮቻቸውን ያወድሳሉ። ኦሪጅናል ናቸው፣ የዘንድሮ ዕቃ እንዲህ አይደለም፣ ከተገጠሙ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ወርደው መብራት አጥፍተው አያውቁም አሉኝ። በዚህ ሰፈር የሚወርድ ብሬከር ይሰደባል፣ የማይወርድ ይመረቃል። ሰውዬ፣ ብሬከር የሚገዛው እኮ በክፉ ቀን እንዲወርድ ነው! ይሄ ግን በመጀመሪያ ቀን ለሽማግሌ አይነገርም። ሻይ ጋበዙኝ፣ ጠጣሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 14

ተናድጃለሁ። በራሴ።

በሥርዓት ልጻፈው። ቦይለር ውስጥ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ ብሬከሩ በቅጽበት መቁረጥ አለበት። መቁረጥ አለመቁረጡን የሚነግሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ በመሣሪያዬ የምለካው፣ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው የኧርዝ መስመር። ሌላው ብሬከሩ ፊት ላይ የታተመው ፊደል። እነዚህ አሮጌዎቹ ላይ ኤል ካለ ቶሎ ይቆርጣል፣ ለቤት የተሠራ ነው። ጂ ካለ ታጋሽ ነው፣ ሲነሣ ብዙ ለሚስብ ሞተር። መስመሩን ለካሁ። ውጤቱ መሐል ላይ አረፈ። ለኤል ይበቃል፣ ለጂ አይበቃም። ሁሉም ነገር አንዲት ፊደል ላይ ተንጠለጠለ።

ብልጥ ነኝ ብዬ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዬን ይዤ ሄጄ ነበር። ዋናውን መብራት ዘጋሁ፣ በጥጥ የቁ. 3ን ፊት ጠረግኩ። ቀለሙ ለቀቀ። ጽሑፉም አብሮ ለቀቀ። ጥጡ ጥቁር፣ ብሬከሩ ባዶ። እየደጋገምኩ በስልኬ መብራት አየሁት፣ ከየት ይምጣ።

ሌሎቹን በጥፍሬ ብቻ ቀስ እያልኩ ፈቀፈቅኩ። ቁ. 1፦ ኤል። ቁ. 2፦ ጂ! ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። ቁ. 3 የማን ወገን እንደሆነ እኔ ራሴ አጠፋሁት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15

ለሐጂ ከ. ነገርኳቸው። ቁ. 1 ያልፋል። ቁ. 2 አያልፍም። ቁ. 3 ምንነቱ ስለማይታወቅ እንደ መጥፎው ይቆጠራል፣ ደንቡ እንደዚያ ነው፣ ስለዚህ አያልፍም። አዲስ ብሬከር እንደሆነ በዚህ ሣጥን አይገጥምም። ሣጥኑ ሙሉ በሙሉ ይቀየር ማለት ከበዓል በኋላ ማለት ነው።

በዓሉ ረቡዕ፣ አረፋ። ማክሰኞ ዋዜማው ላይ ሰፈሩ በሙሉ እዚህ ነው የሚታጠበው። ከሦስቱ ሻወር አንዱ ብቻ ይሥራ አልኳቸው፣ በቃ።

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። የቁ. 2ን ተቀበሉ። ቁ. 3 ግን ከቁ. 1 ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ የተገዛ ነው፣ ቁ. 2 በኋላ ነው የመጣው አሉ። ማስረጃ የለም፣ ቃላቸው ብቻ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ አንቺው አጠፋሽው፣ አንቺው አይነበብም ትያለሽ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ወረቀቱን ሰኞ አመጣለሁ ብዬ ወጣሁ።

እሑድ፣ ግንቦት 16

ልብስ አጠብኩ። ተኛሁ። ከሰዓት ብሩክ ደወለ። አብረው ከተገዙ ኤል ብለሽ ጻፊ፣ ማን መጥቶ ያያል፣ ጥፋቱም ያንቺ ነው፣ የሰው ገበያ አትዝጊ አለኝ። ተመቸኝ፣ አልዋሽሽም። ኤል ብዬ ብጽፍ ሐጂ ከ. ይደሰታሉ፣ ብሩክ ይደሰታል፣ የእኔም ጉድ ይሸፈናል። ምናልባትም እውነት ኤል ነው።

ወረቀቱን ሞላሁት። የቁ. 3ን ቦታ ክፍት ተውኩት።

ሰኞ፣ ግንቦት 17። ቀን 8፡00

«አያልፍም» ብዬ ጻፍኩ። ቁ. 2ንና ቁ. 3ን አወረድኩ፣ ላያቸው ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ፣ ፈረምኩ። ሐጂ ከ. ወረቀቱን ሳያነቡ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ሻይ የለም ዛሬ። ሰላምታዬንም በግማሽ ነው የመለሱት።

ያው ሰኞ፣ ማታ 1፡00

ነገሩ እንደዚያ አላለቀም።

ፌርማታው ጋ የቤቴል ታክሲ ስጠብቅ መይሙና እየሮጠች ደረሰችብኝ። የሐጂ ከ. ልጅ፣ በር ላይ ትኬት የምትቆርጠው። አባቷ ነገ ከሱብሂ ሶላት በፊት፣ ገና ሳይነጋ፣ ፕላስተሩን አንስተው ቁ. 3ን ሊያበሩት ነው። ለምን ከሱብሂ በፊት አልኳት። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው አለች። በየጧቱ ቤቱ ሳይከፈት መጀመሪያ ቁ. 3 ውስጥ የሚታጠቡት እሳቸው ናቸው። ቁ. 3 አንዳንድ ቀን ይነዝራል። እሳቸውን ከነዘራቸው ክፍሉ ያን ቀን ለደንበኛ አይከፈትም። ካልነዘራቸው ይከፈታል። ሰው እንዳይጎዳ ብለው ነው አለች፣ በኩራት።

ማስታወሻዬ፣ መለኪያ ብዬ ስንት ዓይነት መሣሪያ ተሸክሜ እዞራለሁ፣ ሽማግሌው በገላቸው ይለካሉ። እርጥብ ሴራሚክ ላይ፣ ባዶ እግራቸውን፣ በየቀኑ። የሚነዝረው እኮ ቦይለሩ ከውስጥ ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ስለጀመረ ነው! ዛሬ ትንሽ ነው፣ ለትንሽ የትኛውም ብሬከር አይወርድም። አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ሲለቅ ግን ያ ፊደሉ የጠፋው ብሬከር ካልቆረጠ እሳቸው ከዚያ አይወጡም።

ተመለስኩ። ታክሲውም ቀረ፣ ጨዋነቱም ቀረ። ጮህኩባቸው። አዎ፣ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ላይ፣ በደንበኛ ፊት። እሳቸው ግን ረጋ ብለው፣ አንድ ሰው መሞከር ካለበት ባለቤቱ ይሞክር፣ የሰው ልጅ ገንዘቡን ከፍሎ ገብቶ ይነዘር እንዴ አሉኝ። ከልባቸው ነው። እንባዬ መጣ፣ ያኔ ደግሞ የባሰ ተናደድኩ።

ዋናውን ዘጋሁ። የቁ. 3 ቦይለርም አገልግሎት እንዳይሰጥ ሽቦውን ፈታሁ፣ ጫፉን ጠቀለልኩ። ብሬከሩን ራሱን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ዋናውን ለቁ. 1 መልሼ ከፈትኩ። ሌባ በሉኝ። ሐጂ ከ. ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጪ አሉ። እሺ አልኩ። ይቀየሙኝ። በሕይወት ኖረው ይቀየሙኝ።

ለብሩክም ደወልኩ። ሥራ ከፈለግሽ ጠዋት ቢሮ ነይ፣ እናወራለን አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም፣ አልጠየቅኩትም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 18። ጠዋት 3፡00

በሌሊት ነቅቼ ስልኬን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። እስኪነጋ አልጮኸም። ሽማግሌው ሽቦውን ራሳቸው መልሰው ቢያገናኙስ ብዬ ስንት ክፉ ነገር አሰብኩ።

አሁን መይሙና ደወለች። ሳቋን መያዝ አቅቷታል። አባቷ ቁ. 1 ግቡ ሲባሉ ያ የደንበኛ ነው ብለው እምቢ አሉ። ቤቱ ተከፈተ። ለአንዱ ሻወር ሰልፉ እስከ መንገድ ወጣ። ሐጂ ከ. ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሙ። ሰው እያፈረ ሊያሳልፋቸው ነበር፣ አልፈልግም አሉ። ተራቸው ሲደርስ ከገዛ ልጃቸው ትኬት ገዝተው ገቡ። ታጠቡ። ወጡ። ስሜን ሲሰሙ ግን ፊታቸውን ያዞራሉ፣ በጣም ተቀይመውሻል አለችኝ።

ደህና ናቸው ወይ አልኳት። ደህና ናቸው አለች። ደግሜ ጠየቅኳት።

አሁን ወደ ብሩክ ቢሮ ልሄድ ነው። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩትን አልቀይርም። ነገ ደግሞ ለዒድ ሐጂ ከ. ቤት እሄዳለሁ። ደጄን አትርገጪ ብለዋል፣ አልረግጥም። በሩ ላይ ቆሜ ዒድ ሙባረክ እላለሁ፣ እስኪመልሱልኝ ድረስ።