ለመድረሱ የፈረምኩበት ስንብት

በሆግቭሊት ሰፈር ላለው የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘናችን፣ ይቅርታ፣ ለመጋዘንዎ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ፣ ለክብርት ሜፍራው፣ በእኛ አፍ ለእመቤቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየወሩ እየሳሳ የሚሄደው ሠራተኛዎም እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ እዚህ ሆላንድ፣ በደቡብ ሮተርዳም፣ ከጉልበቴ ሕመም በስተቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን የማስታምምበት ሰፊ ጊዜ ስለሰጡኝም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ለቢሮዎ ሦስት ጊዜ ጽፌ መልስ ስላጣሁ፣ ደብዳቤዎቼ መንገድ ላይ ደክሟቸው ይሆናል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ትሕትናዎን አመሰግናለሁ። ከዐሥራ ሰባት ዓመት አገልግሎት በኋላ የሥራ መደቤ መታጠፉን ሊነግሩኝ ዕቃ ወደምደረድርበት ድረስ በእግርዎ መጥተው፣ ወረቀቱን ሰጥተው፣ የሚፈረምበትንም ቦታ በጣትዎ አሳይተውኛል። ሰውን አቁሞ ማንበብ እኛ ዘንድ ነውር ነው። ደግሞም የእኔ ደች የመደርደሪያ ደች ነው፤ ከቁጥርና ከዕቃ ስም አያልፍም።

ሁለተኛ፣ ጥፋቴን ልናዘዝ። የአስመራ ልጅ ብሆንም በወጣትነቴ አዲስ አበባ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። እዚያ ደብዳቤ የወጣለት ሰው፣ ሹመትም ይሁን ስንብት፣ መጀመሪያ ለመድረሱ ይፈርማል፤ ቅሬታ ካለው ከዚያ በኋላ ያመለክታል። ስለዚህ እንደለመድኩት ደርሶኛል ብዬ ፈረምኩልዎ፣ ጎንበስ ብዬም አመሰገንኩዎ፤ ከዚያ ዋናው ውሳኔ በፖስታ ይመጣል ብዬ ቤቴ ቁጭ አልኩ።

ሦስተኛ፣ በፈረምኩ በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ዘ ሄግ ከተማ ቢሮ የምትሠራው የእህቴ ልጅ ሉችያ ልትጠይቀኝ መጥታ ወረቀቱን አነበበችው። ለካ የፈረምኩት ተስማምቼ በፈቃዴ ለመሄድ ኖሯል፤ ሐሳቤን ለመለወጥ የነበረኝ ጊዜም ዐሥራ አራት ቀን ነበር። እዚህ ያደገች ናትና አንቱታ አታውቅም፤ ለምን ፈረምክ ብላ እንደ ልጅ ተቆጣችኝ። ባልፈርም ኖሮ እኔን ለማሰናበት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈቃድ መጠየቅ ነበረብዎ፤ እኔም መልሴን እሰጥ ነበር፤ በሕጉም ከዕድሜ እኩዮቼ መካከል ሦስት ዓመት ብቻ የሠራው ባልደረባዬ ሊባኖስ ከእኔ ቀድሞ ይሰናበት ነበር። እሱ ይሂድ ማለቴ አይደለም፣ ልጆች አሉት። ነገር ግን ተራ ተራ ነው፤ ምነው ተራዬን የሚጠይቅልኝ አንድ ሰው በነበረ።

አራተኛ፣ እዚህ ላይ ቅሬታ ጽፌ ነበር፣ ሰረዝኩት። ያማከርኩት ጠበቃ ጊዜው አልፏል ብሎ ሸኝቶኛል፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ከእንግዲህ ማን ይቀጥረኛል? በገዛ እጄ ራሴን ማሰናበቴ ያንገበግበኛል፤ የማደርገውን ግን አላውቅም።

ሙሉ ጤና፣ የሰፋ መጋዘንና የማያነብ ሠራተኛ እየተመኘሁልዎ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የቀድሞው የመደርደሪያ ሠራተኛዎ፣
ምሕረተኣብ ሓጎስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ከመጋዘኑ ተደውሎልኝ ነበር። የደወለችው በሠራተኛ አገናኝ ድርጅት በኩል ገብታ በእኔ ቦታ የምትሠራ ሴት ናት፤ የጎማ ማሸጊያዎቹ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳሉ ጠየቀችኝ። መደቡ ታጥፏል ስለተባልኩ ትንሽ ግራ ገባኝ፤ ነገር ግን ነገርኳት። ደግማ ብትደውልም እነግራታለሁ፤ ሥራው እንዳይበደል ብዬ ነው።