አባታችን አሚን ያላሉበት ለቅሶ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ሙዘፈር፤ የአላህ ሰላምና እዝነት ባለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ የደረት ሳል ተወህ ወይ? ባለቤትህ ሐምዱናስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን፤ ይህ መኖር ከተባለ።

የታናሻችንን የቡንዳርን ሞት ከነጋዴዎች ሰምተህ ይሆናል። ሰው ጨምሮ ነው የሚያወራውና እንዴት እንደሆነ እኔ ልንገርህ። እንደ ልማዱ ጠጥቶ ሲመለስ ከድልድዩ ወደቀ። ጎረቤቶች በቃሬዛ አምጥተውልኝ አባታችንን ሊጠሩ ወደሚፈርዱበት ችሎት ሮጡ። እናታችን ገበያ ነበረች። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ይዤው ሳለ ውኃ ጠየቀኝ፤ ጠጣ። ከዚያ እንደ ልጅነቱ ፈገግ ብሎ፣ «አባባ ሲመጡ ተኝቷል በያቸው» አለኝ። ሌላ ቃል ሳይጨምር አለፈ።

አባታችን ደርሰው ዓይኑን ከከደኑ በኋላ፣ «ተውበት አድርጓል ወይ? ተጸጽቶ ተመልሷል?» ብለው ጠየቁኝ። አድርጓል ብል ማን ያውቅብኛል? ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ግን ነቢይ ባይላክ እንኳ ውሸት ክፉ መሆኑን አእምሮ ብቻውን ያውቃል ብለው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ያለውን እንዳለ ነገርኳቸው።

በገዛ እጃቸው አጠቡት፣ ከፈኑት፣ ጀናዛው ላይም ሰገዱ። ለቅሶ ደራሹ «አላህ ይዘንለት» ባለ ቁጥር ቤቱ በሙሉ «አሚን» ሲል ግን እሳቸው ዝም አሉ። ትምህርታቸውን ታውቀዋለህ። ፈጣሪ ለደጉ የገባውን ቃል እንደማያጥፍ ሁሉ ለበደለኛ የዛተውንም አያጥፍም፤ ሳይመለስ ለሞተ ሰው ምሕረት አይለመንም። በሌላ ሰው ልጅ ላይ የፈረዱትን በራሳቸው ልጅ ሲደርስ ሊሽሩት አልቻሉም። እናታችን ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ያንን ዝምታ ስትሰማ አንጀቷ ቆሰለ። ከዚያ ወዲህ ምግብ ታቀርብላቸዋለች እንጂ አታናግራቸውም።

በአባታችን ችሎት ክርክር ያለበት የሩዝ ዳቦ ጋጋሪው ማህያር ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «ለልጁ አንዲት አሚን የቆጠበ ቃዲ ለእኔማ ምን ይተርፈኛል!» ሲል ሰማሁት። አንድ ሽማግሌ ቀበል አድርገው፣ «ለልጁ ያላደላ ለባላጋራህም አያደላም። ይልቅ ዳቦህ እንዳያርርብህ» አሉት። ሰዉ ሳቀ። እኔ ሻሼን ዓይኔ ላይ ጎትቼ እያለቀስኩ ገባሁ።

አባታችን ማስተማሩን ትተዋል። ከአሱር ሶላት በኋላ ይጠሩኝና፣ «እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ፤ ምን ነበር ያለሽ?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ትናንት ግን፣ «ተኝቷል በያቸው ማለቱ አፍሮ ነው፤ ማፈር መጸጸት ይሆን ይሆን?» አሉኝ። ሊቅ ሁሉ እሳቸውን ይጠይቃል፤ እሳቸው እኔን ጠየቁ።

ለዚህ ነው የምጽፍልህ። ቡንዳር ክረምቱን ባግዳድ አንተ ዘንድ ነበር። ያኔ ተጸጽቻለሁ፣ እተወዋለሁ ብሎህ እንደሆነ ጻፍልን። ኋላ ጠጥቷልና እንደ ትምህርታቸው አይበቃ ይሆናል፤ ቢሆንም የሚይዙት ነገር ያገኛሉ። ከሌለ ግን ለማጽናናት ብለህ አትፍጠር። ያውቁብሃል፤ ያኔ ሁለት ልጅ ነው የሚሞትባቸው። ይህን ያመጣልህ የስኳር ነጋዴ ተመላሽ ነውና መልሱን በእሱ እጅ ላክ።

እናታችን፣ «ዓይኑን ሳላይ እንዳልሞት በይልኝ» ብላለች። አክስታችን ረይታ ጉልበቷን እያመማትም ቢሆን ትመርቅሃለች። ሐምዱናን ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ። አባታችንን ሰላም ልበልልዎ ወይ ብላቸው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ደብዳቤውን ጽፌ እስክጨርስም ከአጠገቤ አልተነሡም።

እህትህ ጡርፋ
ራምሁርሙዝ፣ በረጀብ ወር፣ 371 ዓመተ ሂጅራ